ቤት አልባ ፍለጋ በጂንካ

ጂንካ ውስጥ ካሉት የሣር ቤቶች ግማሹን የከደነው ዶላሞ ነው ይባል ነበር። ትንሽ ተጋኗል፤ ሐሰት ግን አልነበረም። ከገበያው በላይ ያሉትን የነጋዴዎች ማድ ቤቶች፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር የተደረደሩትን ክብ ጎጆዎች፣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ የሚያድርባትን ጠባብ ዳስ ሳይቀር ጉልላታቸውን ያሰረው እሱ ነው። አጭር፣ ጉልበቱ ወደ ውጭ የታጠፈ የአሪ ሰው ነበር። መሬት ላይ ሲሆን ቃል ይቸግረዋል። ጣራ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ ከታች ሣር የሚያቀብሉትን ሁሉ ሲሰድብና ሲያስቅ ይውላል። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የቀረችው አንዲት ልጅ፣ ኤልሳቤጥ፣ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች።

በ1978 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ጎረቤት የማሳውን ገለባ ሲያቃጥል ነፋስ ተነሣና ፍንጣሪ ይዞ መጣ። ሰው ወንዝ ወርዶ ውሃ ቀድቶ ሳይመለስ የጣራ ሠሪው ጣራ አመድ ሆነ።

በእነ ዶላሞ ዘንድ የቤት መቃጠል ያሳዝናል እንጂ አያሳፍርም። ሣር ይበቅላል፤ ቀርከሃ ይቆረጣል፤ ዘመድ ይሰበሰባል። ጠዋት ምሰሶ የተተከለለት ቤት ማታ እሳት ይነድበታል። የሚያሳፍረው ሌላ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ «ቤት የለኝም» ካለ፣ ምሰሶ የሚይዝልኝ እጅ፣ ሣር የሚሸከምልኝ ትከሻ የለኝም ማለቱ ነው። ዘመዶቹን በቁማቸው ቀበራቸው ይባላል። ስለዚህ ጣራ ባይኖረውም ይህን የሚል ሰው አይገኝም፤ ከሚለው ይልቅ ዝናብ ቢመታው ይመርጣል። የተማርን ነን የምንል ሰዎች ይህን ኋላ ቀርነት ስንለው ኖረናል። የእኛን ፊተኝነት ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ያሳያል።

የዶላሞ የእናቱ ወንድም ሻንቆ፣ ከከተማው ግማሽ ሰዓት በእግር ርቆ የሚኖር ሽማግሌ፣ ለየካቲት ሁለተኛው ሐሙስ ደቦ ጠራ። ጥድፊያው በከንቱ አልነበረም። ኤልሳቤጥን የሚፈልጋት ልጅ አባት ሽማግሌ ሊልክ ቃል ልኳል፤ ከሰኔ ካለፈ ግን ወደ ሌላ ደጅ እንደሚሄድ አልደበቀም። ሽማግሌ የሚቆመው ደግሞ በልጅቱ አባት ደጅ ነው። የተውሶ ደጅ ላይ የተጠየቀች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ «ከሰው ጓሮ የተወሰደች» እየተባለች ትኖራለች። ዶላሞ ስለ ራሱ አልተጨነቀም፤ ጣራ ባጣ በሰው ጣራ ሥር መተኛት ያውቅበታል። የፈለገው አንድ ደጅ ነው፣ ከሰኔ በፊት።

በዚያው ሰሞን ግን መንግሥት ቤት ለሌላቸው ሰዎች አዘነ። መንግሥት ሲያዝን ብቻውን አያዝንም፤ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ በጀት አስይዞ፣ ማህተም አስቀርጾ ነው የሚያዝነው። ከላይ በመጣው መመሪያ መሠረት በከተማው የሚገኙ ሠላሳ ቤት አልባ ወገኖች ይቋቋማሉ። ሠላሳው ከየት እንደተገኘ የጠየቀ የለም። ሰዎቹን አይቶ የቆጠረ አልነበረም፤ ቁጥሩ አስቀድሞ ወርዶ ሰዎቹን ይፈልግ ነበር።

የየካቲቱ ሐሙስ ጠዋት ዘመዱ ሁሉ ቀርከሃውንና የሣር ነዶውን ከምሮ፣ ዶላሞም የምሰሶውን ጉድጓድ ቆፍሮ እንደጨረሰ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ ደረሰ።

«እዚህ ምሰሶ ትከሉ ያላችሁ ማነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቤት ነው። የተቃጠለው ቤት» አለ ዶላሞ።

«መሬቱ የማነው?»

«የመንግሥት።»

«ጎሽ። ቤት ለሌለው ቤት የሚሰጠውስ?»

ዶላሞ ወደ ሻንቆ ዞሮ አየ። ሻንቆ ወደ ጉድጓዱ።

«መንግሥት ነዋ!» አለ ሊቀመንበሩ። «በጀት ተይዟል። አንተ ራስህ ሠርተህ ከገባህ፣ መንግሥት ለማን ሊሰጥ ነው?»

«ልጄ» አለ ሻንቆ፣ «እስከ ማታ ብቻ ታገሡን። ማታ እሱም ቤት ይኖረዋል፣ እናንተም ታርፋላችሁ።»

«አባት፣ ይሄ ያልተደራጀ አሠራር ነው።»

«ሰዉ ተሰብስቧል፣ ሣሩ ቀርቧል፣ ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ያልተደራጀው የቱ ነው?»

አብዮት ጥበቃዎቹ ሊስቁ ነበር፤ የሊቀመንበሩን ፊት አይተው ተዉት። ቀርከሃውና ሣሩ «በሰፊው ሕዝብ ስም» ወደ ቀበሌው ግቢ ተወሰደ። ተሸክመው ያደረሱትም ለደቦ የመጡት ሰዎች ናቸው፤ ለዚያ ሥራ ያልተደራጀ አሠራራቸው ችግር አልፈጠረም።

በማግስቱ ምዝገባ ተጀመረ። መዝጋቢዋ ወሰንየለሽ ከመሀል አገር የመጣች፣ ቅን፣ ፎርሙን እንደ ጸሎት መጽሐፍ የምታከብር ወጣት ናት። ዶላሞ ተራው ደርሶ ቀረበ። ከኋላው ሁለት የወገኑ ሰዎች ለሌላ ጉዳይ ቆመው ነበር።

«ጋሽ ዶላሞ፣ ቤት የለኝም ይበሉና ልጻፍ።»

«ቤት ተቃጠለ በዪ።»

«ተቃጠለ የሚል ቦታ የለውም። አለኝ ወይም የለኝም ነው።»

«አመዱን አይተሻል አይደል?»

«አይቻለሁ። የእኔ ማየት ምን ያደርጋል? እርስዎ ነዎት የሚናገሩት፤ ከዚያ እዚህ ላይ በጣትዎ ይፈርማሉ።»

ዶላሞ ከኋላው ያሉት ሰዎች ትንፋሻቸውን እንደያዙ ተሰማው።

«እንግዲያው አለኝ» አለ።

«ጋሽ ዶላሞ!»

«አለኝ አልኩሽ። ጻፊ።»

ጻፈች። በዚያ ሳምንት ከአሪ ወገን አንድም ሰው ቤት የለኝም ብሎ አልተመዘገበም። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ባዶውን መዝገብ ይዞ እንቅልፍ አጣ፤ ሠላሳ ቤት አልባ ያላቀረበ ቀበሌ ንቃቱ ዝቅተኛ ነው ሊባል ይችላል። ስለዚህ ራሱ ሰዎቹን ይፈልግ ጀመር። የሚስቱን እኅት አስመዘገበ። የኅብረት ሱቁን ዕቃ ጠባቂ አስመዘገበ። ገብረወልድ የሚባለው ነጋዴ ደግሞ ሦስት ትርፍ ቤቶች የተወረሱበት ስለሆነ፣ በአራተኛው ውስጥ ተቀምጦ «ከእኔ በላይ ቤት ያጣ ማን አለ?» ሲል ተከራከረ፤ ክርክሩም ተቀባይነት አገኘ። ከሠላሳዎቹ አንዱ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። እሱ እንኳ ቤት እንደሌለው የሚካድ አልነበረም።

ከዚያ ቅስቀሳው መጣ። እሑድ እሑድ ሕዝቡ እየተጠራ ስለ ቤት አልባነት ምንነት ይማራል። የቀበሌው የኪነት ቡድን መዝሙር አወጣ፤ ከበሮ ተገዛ፤ ከአንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር የሚዘረጋ ቀይ ጨርቅ ላይ «ቤት አልባነት ይውደም!» ተብሎ ተጻፈ። ድምፅ ማጉያም መጣ፤ ኮሚቴው በተራ እየያዘ «አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» ሲልበት ሰነበተ። ዶላሞም በየእሑዱ ቆሞ እጁን እያነሣ «ይውደም!» ሲል ይውላል፤ ሲያመሽ ወደ ቀበሌው ግቢ ሄዶ ከራሱ የሣር ክምር ሥር ይተኛል። ጠብቅ ያለው የለም። የመጋቢት ዝናብ ሣሩን እንዳያበሰብሰው በየጠዋቱ ያገላብጠዋል፤ እርጥቡን ወደ ላይ፣ ደረቁን ወደ ታች ያደርጋል። ልጁን ሻንቆ ዘንድ አስጠግቷታል።

በሚያዝያ አጥኚዎች በአውሮፕላን መጡ። ከሜዳው ላይ ከብቶቹ ተነዱ፣ አውሮፕላኑ አረፈ፣ ከብቶቹ ተመለሱ። አጥኚዎቹ አበላቸውን እየበሉ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጡ። አንደኛው ዶላሞን ሣር ሲያገላብጥ አግኝቶት በትሕትና ጠየቀው።

«አባባ፣ የቤት አልባነት መንስኤው ምን ይመስልዎታል?»

ዶላሞ ብዙ አሰበ። «እሳት» አለ።

«ከእሳቱ ጀርባ ያለውን ማለቴ ነው። ማኅበራዊ መንስኤውን።»

«ከእሳቱ ጀርባማ ጓድ ሊቀመንበሩ አለ።»

አጥኚው ሣቀ፤ አልጻፈውም። የማይጻፍ እውነት ሲሰሙ መሣቅ የተማሩ ሰዎች ልማድ ነው፤ ይህን ጽሑፍ የጻፈው ሰውም በጊዜው ብዙ ሥቋል።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። በጀት ዓመቱ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ ሥራ ላይ ያልዋለው ይመለሳል፤ በሃያኛው ቀን አንድ ከፍተኛ እንግዳ የመጀመሪያውን ቤት ይመርቃል። ከበጀቱ እስካሁን የወጣው ለጨርቅ፣ ለከበሮ፣ ለድምፅ ማጉያና ለአበል ነው። ቤት የሚባል ነገር አልተጀመረም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ወደ ሣሩ ክምር በእግሩ መጣ።

«ጓድ ዶላሞ» አለ። ጓድ ብሎት አያውቅም። «በስንት ቀን ቤት ትሠራለህ?»

«በአንድ።»

«አትቀልድ።»

«ዘመዶችህን ጥራ ካልከኝ፣ በአንድ። ቤቱ የማን ይሆናል?»

«የአንተ። ቁልፉን በእንግዳው እጅ ትቀበላለህ። ቦታውም ያው የድሮው ቦታህ፤ ከአውሮፕላን ሲወርዱ ፊት ለፊት እንዲታይ።»

ሰዎቹ መጡ። ያጉረመረመ ነበር፤ የቀረ ግን አልነበረም። ከበሰበሰው ሣር ጤነኛውን መርጠው፣ የጎደለውን ከቤታቸው አምጥተው፣ በየካቲት በተቆፈረው ጉድጓድ ምሰሶውን ተከሉ። ዶላሞ ጣራ ላይ ወጣ። ከአምስት ወር በኋላ ድምፁ ተመለሰለት።

«አንተ፣ ያቺን ነዶ አቀብል! እንደ ኮሚቴ ታቅፈሃት ትቆማለህ?»

«መጀመሪያ ቃለ ጉባኤ ይያዝላት!» አለ ከታች አንዱ።

«ሻንቆ ይፈርምላት!»

ሻንቆ ራሱ ሣቀ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉልላቱ ታሰረ። ኤልሳቤጥን የሚፈልጋት ልጅ ወገኖችም ይህን ሰምተው፣ ከምርቃቱ በኋላ በሚመጣው እሑድ ሽማግሌ እንደሚልኩ አስታወቁ።

በምርቃቱ ዋዜማ ሊቀመንበሩ ዶላሞን ቢሮ ጠራው።

«ነገ ሁለት ነገር ትናገራለህ። ቤት አልነበረኝም። መንግሥት ቤት ሰጠኝ። አለቀ።»

«ሁለተኛውን ልበል። የመጀመሪያው ይቅር።»

«የመጀመሪያው ከሌለ ሁለተኛው ምን ይሠራል? ሠላሳው ሁሉ ጎጆ ያለው መሆኑን ከተማው ያውቃል፤ ማንን ላቁም? ካልተናገርክ ቁልፉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። የሚስቴ እኅት ተመዝግባለች።»

ዶላሞ ወጥቶ አዲሱ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። እዚያ ሳለ አንድ መውጫ አገኘ፤ እንደ እሱ ያለ፣ ቀኑን በአንድ ቋንቋ፣ ማታውን በሌላ ቋንቋ የሚኖር ሰው ብቻ የሚያገኘው መውጫ። ነገ የሚናገረው በአማርኛ ነው። አማርኛ የቢሮ ቋንቋ ነው፤ በቢሮ ቋንቋ የተባለ ነገር ቢሮ ይቀራል። ስንት ጊዜ «ይውደም» ብሏል፤ የወደመ ነገር ግን አላየም። ስንት ጊዜ «ወደፊት» ብሏል፤ እግሩ ንቅንቅ አላለም። እነዚያ ቃላት አንድ ቀን እንኳ ተከትለውት ቤቱ አልገቡም። «ቤት የለኝም» የሚለው ነውር የሚሆነው በአሪ አፍ፣ በአሪ ጆሮ ነው። ሽማግሌዎቹም አብዛኞቹ አማርኛ አይሰሙም፤ የሚሰሙትም የስብሰባ ወሬ ነው ብለው ያልፉታል። በዚህ ልቡን አሳርፎ ተኛ።

በሃያኛው ቀን ሕዝቡ በሜዳው ዳር ተሰለፈ። እንግዳው ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ስለ ቤት አልባነት ሥረ መሠረት አንድ ሰዓት ተኩል አስረድቶ፣ ጥብጣቡን ቆረጠ። ዶላሞ ወጣ።

«ቤት አልነበረኝም» አለ በአማርኛ። «መንግሥት ቤት ሰጠኝ።»

ተጨበጨበ። ዶላሞም ትንፋሹን ለቀቀ፤ አልፏል።

አላለፈም። ኮሚቴው በሥራው የተመሰገነው በከንቱ አልነበረም፤ «ሰፊው ሕዝብ በቋንቋው እንዲረዳ» ብሎ አስተርጓሚ መድቧል። ጥላሁን የሚባል የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ፣ እሱም የአሪ ልጅ፣ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ቆሟል። የዶላሞን ቃል ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ዓይኑን ወደ ዶላሞ ጣለ፤ ዶላሞም ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፣ ተው እንደማለት።

«ተርጉም እንጂ!» አለ ሊቀመንበሩ።

ጥላሁን ተረጎመ። ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ በጥሩ አሪኛ። የበጀቱ ድምፅ ማጉያ ያን ቃል ከሜዳው ወዲያ ማዶ እስካሉት ማሳዎች አደረሰው።

ከአሪ ወገን ያለው ሕዝብ ጸጥ አለ። ከአሥር ቀን በፊት ምሰሶውን አቅፈው የያዙት፣ ነዶውን ያቀበሉት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመዋል። ሻንቆ በትሩን አንሥቶ፣ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ከኋላው አንድ አንድ እያሉ ሌሎቹም ሄዱ። እንግዳው ዝምታውን አይቶ «ሕዝቡ በስሜት ተውጧል» አለና እንደገና አጨበጨበ። ቁልፉም ተሰጠ።

እሑድ ዶላሞና ኤልሳቤጥ ደጃቸው ላይ ተቀመጡ። ጥላ ከዚህ ወደዚያ ዞረ። ማንም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ አንድ መልእክተኛ ብቻ መጥቶ ከሩቅ ቆመ። የልጁ አባት እንዲህ ብሏል፦ «ልጅን የሚሰጥ ወገን ነው። ወገን የለኝም ያለ ሰው ደጅ ቆመን ብንለምን፣ እሺ የሚለን ማነው?»

መልእክተኛው ሲሄድ ኤልሳቤጥ አባቷን አየችው።

«አባዬ፣ ለምን አልከው?»

«ለደጁ ብዬ ነው። ለአንቺ።»

«ደጁን የሠሩት እኮ እነሱ ናቸው። አንተ ከጣራ ላይ ስትሰድባቸው እኔ ውሃ ሳቀብል ነበር፤ መንግሥትን እዚያ አላየሁትም።»

ዶላሞ ተነሥቶ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ወደ ቀበሌው ወሰደ። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ግን እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ።

«መመለስ አይቻልም! ሪፖርቱ ሄዷል፤ አንተ ቤት አግኝተሃል።»

«አልፈልገውም።»

«መፈለግህን ማን ጠየቀህ? በሪፖርቱ ውስጥ ትኖራለህ።»

ዶላሞ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ያ ቤት በኋላ የጨርቆቹና የከበሮው ማስቀመጫ ሆነ። በውጤቱ የተደሰቱት የበላይ አካላትም ለመጪው ዓመት በጀቱን እጥፍ አደረጉት፤ የሚፈለጉት ቤት አልባዎችም ስድሳ ሆኑ።

ሻንቆ ዶላሞን ግቢው በር ላይ አቁሞ አቆየው። ግባም ሂድም አላለውም። ሲበቃው ወጣ።

«በየካቲት ሣር ያመጣልህን ሰው ታስታውሳለህ?»

«ሁሉንም።»

«በየደጃቸው ትሄዳለህ። የማን ልጅ፣ የማን ወንድም፣ የማን አማች እንደሆንክ በቋንቋህ ጮክ ብለህ ትናገራለህ። ከዚያ አንድ ነዶ ትለምናለህ። የከለከለህ ካለ፣ እስኪሰጥህ ትመላለሳለህ።»

አምስት ቀን ዞረ። ዝናብ ነበር። አንዳንዱ ቶሎ ሰጠው። አንዷ የአጎቱ ሚስት በሩን ገርበብ አድርጋ «ምነው፣ መንግሥት ሣርም አልሰጠህ?» አለችው፤ ሁለተኛ ሲመጣ «ሪፖርት ይዘህ ና» አለችው፤ በሦስተኛው ነዶውን ደጃፍ ላይ ወርውራለት ገባች። አንሥቶ ተሸከመ። እንዲህ ያለ ውርደት ዶላሞን ያሳንሰዋል የሚል ካለ ቤት ምን እንደሆነ አልገባውም። ቤት እንዲህ ያለ ቁጣ ያላቸው ሰዎች መኖር ነው፤ ማንም ኮሚቴ ያን ያህል ተቆጥቶልን አያውቅም።

ቤቱ ከከተማው ክልል ውጭ፣ ከሻንቆ ማሳ ጥግ፣ በአንድ ቀን ቆመ። ሻንቆ ራሱ የልጁ አባት ዘንድ ሄዶ ለመነ። ሽማግሌዎቹ በሰኔ የመጨረሻው ቀን፣ ቀኑ ሊመሽ ሲል መጡ፤ ከስድስቱ አራቱ። የልጁ ትልቅ አጎት ከቀሩት አንዱ ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ወደዚያ ደጅ አልረገጠም።

ደጁ ላይ ቆመው በሥርዓቱ ጠየቁ።

«የዚህ ቤት ሰው ማነው? ለማን እንናገር?»

ዶላሞ አፉን ከፈተ። ሻንቆ በትሩን ከፊቱ አጋደመው።

«እኛ ነን» አለ ሻንቆ። ከበስተኋላው የቆሙትም «እኛ ነን» አሉ።

ለኤልሳቤጥ የተጠየቀውን ሁሉ ሻንቆ መለሰ፤ የተሰጠውንም ቃል ሻንቆ ሰጠ። ዶላሞ በገዛ ደጁ ከሰዎቹ ጀርባ ቆሞ፣ አንድያ ልጁ በሌላ ሰው አፍ ስትሰጥ ሰማ።